ጦስኝ በብርጭቆና በላብራቶሪ፦ «አንቲኦክሲዳንት» የሚለው ቃል ምን ያህል ይነግረናል?

ጦስኝ ለደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። በባሌ፣ በመንዝ፣ በጣርማ በርና በሰሜን ተራሮች ከድንጋያማው መሬት ጋር ተጣብቆ የሚያድገው ይህ ድንክ ተክል የከብት ኮቴ ሲረግጠው እንኳ አካባቢውን በመዓዛ ያውደዋል። ቅጠሉ ደርቆ ለሻይ ይሆናል፤ ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጅ ከቅመማ ቅመሙ ጋር ይገባል፤ ጉንፋንና ሳል የያዘው ሰው ደግሞ ትኩሱን እየተጎነጨ ተሸፋፍኖ ይተኛል። አዲስ ነገር የመጣው በማስታወቂያው ነው። ዛሬ ጦስኝ በካርቶን ታሽጎ በከተማ ሲሸጥ ከእሽጉ ጀርባ የሚነበበው ጽሑፍ ስለ ሳል ብዙም አያነሣም። «በአንቲኦክሲዳንት የበለጸገ» ብሎ ይጀምርና እርጅናን፣ ካንሰርን፣ የልብ ሕመምን፣ ስኳርንና የደም ግፊትን እየዘረዘረ ይቀጥላል።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከጦስኝ ጋር አይደለም። ቃሉም ቢሆን ሐሰት አይደለም፤ ጦስኝ በእርግጥ ኃይለኛ አንቲኦክሲዳንት የሆኑ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። ችግሩ ቃሉ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ትርጉም አንድ፣ ገዢው እሽጉን አንብቦ የሚረዳው ደግሞ ሌላ መሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ከቅጠሉ ተነሥቶ፣ በማንቆርቆሪያው አልፎ፣ እስከ ጉበት ድረስ መከተል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ «ጦስኝ» የምንለው አንድ ተክል አይደለም። የዕፅዋት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኙ ሁለት ዝርያዎችን ለይተዋል፤ እነሱም ታይመስ ሺምፔሪና ታይመስ ሴሩላተስ ይባላሉ። የመጀመሪያው ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ከኖረውና በ1878 ዓድዋ ላይ ካረፈው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። በገበያ ላይ ግን ሁለቱም ጦስኝ ናቸው፤ ሻጭም ገዢም አይለያቸውም። በዓለም የሕክምና ጽሑፎች በብዛት የተጠናው ደግሞ ከሁለቱም የተለየው፣ በአውሮፓ የሚበቅለው ዘመዳቸው ታይመስ ቩልጋሪስ ነው። አንድ ማስታወቂያ «ጥናቶች አረጋግጠዋል» ሲል በየትኛው ዝርያ ላይ የተሠራን ጥናት እንደጠቀሰ የሚናገረው ከስንት አንዴ ነው።

አንድ እርጥብ የጦስኝ ቅጠል ይዞ ወደ ብርሃን አቅጣጫ ቢመለከቱት በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ የሚፈነዱት፣ ሽታውንም የሚለቁት እነሱ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ዘይት በአመዛኙ ከሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው፤ ታይሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ። ሁለቱ በካርቦን፣ በሃይድሮጅንና በኦክሲጅን ብዛት አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያያቸው የሃይድሮክሲል ቡድን የተባለችው የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ በሞለኪውሉ የካርቦን ቀለበት ላይ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ይህችን ጥንድ አንባቢ በአእምሮው ይያዛት፤ የአንቲኦክሲዳንቱ ታሪክ በሙሉ የሚሽከረከረው በእሷ ዙሪያ ነው። ከዘይቱ በተጨማሪ ቅጠሉ የማይተኑና በውኃ የሚሟሙ ሌሎች ውሑዶች አሉት፤ ከእነዚህ መካከል በዚህ የዕፅዋት ቤተሰብ በስፋት የሚገኘው ሮዝማሪኒክ አሲድ ይጠቀሳል።

አንቲኦክሲዳንት ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ ሲቆይ ወደ መካከለኛ፣ ከዚያም ወደ በሳል እንደሚለወጥና በመጨረሻም እንደሚከረፋ ሁሉም ያውቃል። ለመከርፋቱ አንዱ ምክንያት የአየር ኦክሲጅን ነው። አንዲት የስብ ሞለኪውል ሃይድሮጅኗን ስታጣ ከኦክሲጅን ጋር ትጣመራለች፤ ከተጣመረች በኋላ የጎደላትን ሃይድሮጅን ከጎረቤቷ ትነጥቃለች፤ የተነጠቀችውም በተራዋ ሌላዋን ትነጥቃለች። ሣር ቤት ላይ እንደ ተነሣ እሳት ነው፤ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። ታይሞልን የመሰለ ንጥረ ነገር እዚህ መሀል ሲገባ ያቺን የሃይድሮክሲል ሃይድሮጅን በገዛ ፈቃዱ ይሰጣል፤ ራሱ ግን ረጋ ያለ ስለሆነ ሌላ ፍለጋ አይሄድም፤ ሰንሰለቱም ይቆማል። ቅቤ የምታነጥር እናት ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና እርድ የምትጨምረው ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ እንዲቆይላትም ጭምር ነው። በእርግጥ ቅቤው ሲነጠር ውኃውና አጓቱ መውጣቱም ለዕድሜው ትልቅ ድርሻ አለው፤ የቅመሙ ሥራ ግን በዚያ ላይ የሚደረብ ነው። አንቲኦክሲዳንት የሚለው ቃል ያለ አንዳች ማጋነን እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ፣ ስብና ኦክሲጅን በአንድ ማሰሮ በተገናኙበት ቦታ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ይህ ችሎታ የሚለካበት በጣም የተለመደው መንገድ ዲፒፒኤች ይባላል። ሐምራዊ ፈሳሽ ነው፤ ሃይድሮጅን የሚሰጠው ነገር ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ተመራማሪው የጦስኙን ዘይት ወይም ሜታኖል በተባለ መርዛማ የአልኮል ዓይነት የወጣውን ተዋጽኦ ይጨምርበታል፤ ቀለሙ ምን ያህል እንደለቀቀም በመሣሪያ ያነባል። ሙከራው ርካሽ፣ ፈጣንና ቀላል ነው፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንዲህ የበዛውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን በዚያ ብርጭቆ ውስጥ ሆድ የለም፣ አንጀት የለም፣ ጉበት የለም፣ ደም የለም። የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ተዋጽኦ ሃይድሮጅን መስጠት ይችላል። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት አቅም በዚህ መሰል የላብራቶሪ ሙከራ ለክቶ ያወጣው ሰንጠረዥ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አነሣው፤ ምክንያቱም ቁጥሮቹ በሰው ጤና ላይ ከሚታየው ውጤት ጋር ግንኙነት እንደሌላቸው በመታወቁና ነጋዴዎች ለማስታወቂያ አላግባብ እየተጠቀሙባቸው በመሆኑ ነው።

ከላብራቶሪው ወደ ማንቆርቆሪያው እንመለስ። ጦስኝ ሲፈላ ቤቱ በሙሉ ይሸታል፤ እንግዳው ከበር ሳይገባ «ጦስኝ አፈላችሁ?» ይላል። ደስ ይላል፤ ግን ያ ሽታ መድኃኒቱ ከቤት ሲወጣ ነው። ታይሞልና ካርቫክሮል ከውኃ እንፋሎት ጋር የሚነሡ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልን በመሰሉ ተቋማት የመዓዛማ ዕፅዋት ዘይት የሚወጣው በዚሁ ጠባይ ነው፤ እንፋሎቱ በቅጠሉ ውስጥ ያልፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱም ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል። አረቄ የምታወጣ ሴት ይህን ለመረዳት ኬሚስት አያስፈልጋትም፤ ድስቱ ካልተገጠመና ካልተመረገ የሚቀራት ዝቃጩ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ለሃያ ደቂቃ የተንተከተከ ጦስኝ ዘይቱን ለአየር ሰጥቶ በአብዛኛው ሮዝማሪኒክ አሲድንና የመሳሰሉትን ይዞ ይቀራል። በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ ተከድኖ፣ ለጥቂት ደቂቃ የቆየው ደግሞ ከሁለቱም ይይዛል። ሁለቱም «የጦስኝ ሻይ» ናቸው፤ በይዘት ግን ሁለት የተለያዩ መጠጦች ናቸው። ጥናቶቹ የሚፈትኑት ንጹሑን ዘይት ወይም የሜታኖል ተዋጽኦውን ሲሆን፣ ሜታኖል የሚጠጣ ሰው ደግሞ የለም።

የዝግጅት ነገር ንቀው የሚያልፉት ዝርዝር እንዳልሆነ የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ጥሩ ምስክር ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ባህላዊ ተክል ላይ ስትሠራ ውጤቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። መፍትሔውን ያገኘችው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይኖር የነበረ ሐኪም ተክሉን በውኃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት እንጂ ማፍላት እንዳላዘዘ ካስተዋለች በኋላ ነው፤ ሙቀቱ መድኃኒቱን እየገደለው ነበር። በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኤተር ስታወጣው ውጤቱ ጸና፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። የእኛ አያቶች ጦስኙን ሲነክሩ ይከድኑ ነበር ወይስ አይከድኑም፣ እርጥቡን ነበር ወይስ ደረቁን፣ ከአበባው በፊት የተቆረጠውን ነበር ወይስ በኋላ የሚሉት ጥያቄዎች ከማንኛውም የዲፒፒኤች ቁጥር በላይ ሊመዘገቡ የሚገባቸው ናቸው፤ የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

አሁን መጠኑን እናስላ። ከመቶ ግራም ደረቅ የጦስኝ ዝርያ ቅጠል የሚገኘው ዘይት በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ግራም ገደማ ነው። አንድ ሰው ሁለት ግራም ቅጠል በሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ውኃ ቢነክርና ዘይቱ አንዲት ጠብታ ሳትባክን ሙሉ በሙሉ ወደ ውኃው ቢገባለት፣ በብርጭቆው ውስጥ የሚኖረው ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም ነው። ይህ በሚሊ ሊትር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በላብራቶሪ ባክቴሪያን ለመግታት የሚያስፈልገው መጠን እንደ ባክቴሪያው ዓይነት ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን በዚሁ አካባቢ ወይም ከዚህ በላይ ነው። ስለዚህ ሻዩ አፍንና ጉሮሮን ሲነካ አንዳች ሥራ ሊሠራ ይችላል። ከተዋጠ በኋላ ግን በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ባለው አርባ ሊትር ያህል ውኃ ቢበተን ሁለት መቶ ጊዜ ይቀጥናል። ያ ሁሉ ወደ ደም ገባ ብለን እንኳ ነው።

ጉበት ደግሞ ዝም ብሎ አያሳልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት 12 ጤናማ ፈቃደኞች 1.08 ሚሊ ግራም ታይሞል ያለበት የታይም፣ ማለትም የአውሮፓው ጦስኝ፣ እንክብል ወስደው ደማቸው ተመረመረ። ነጻ ታይሞል አልተገኘም፤ የተገኘው ታይሞል ሰልፌት ነው። ሰውነት ታይሞልን እንደ ባዕድ ቆጥሮ በላዩ ላይ የሰልፌት ቡድን ለጥፎ በሽንት ሊያስወጣው ያዘጋጀዋል። ሰልፌቱ የሚለጠፍባት ቦታ ደግሞ ያቺው የሃይድሮክሲል ጥንድ ናት። በማሰሮው ውስጥ ሃይድሮጅን ትሰጥ የነበረችው፣ ሐምራዊውን ፈሳሽ ቢጫ ያደረገችው እጅ ደም ውስጥ ስትገባ ትታሰራለች። መጠኑ ሲበዛ ነጻው ታይሞል ጨርሶ አይታይም ለማለት አንድ ጥናት አይበቃም፤ ነገር ግን «በላብራቶሪ አንቲኦክሲዳንት ስለሆነ በደምም አንቲኦክሲዳንት ነው» የሚለው ድምዳሜ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚሰበር በግልጽ ያሳያል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ዛሬ የሚከተሉት መላምት ከዚህ የተለየ ነው፤ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሰውነትን በጥቂቱ በመተንኮስ የራሱን የመከላከያ ኢንዛይሞች እንዲያመርት ያነሣሡታል ይላሉ። መላምቱ ቢጸና እንኳ ጦስኝ የሚጠቅመው ያንን የኦክሲጅን ሰንሰለት በቀጥታ በማክሸፍ ሳይሆን መለስተኛ ጠላት ሆኖ ይሆናል፤ ይህን በእሽግ ላይ የሚጽፍ ነጋዴ የሚገኝ አይመስለኝም።

«ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ የሰው ልጅ ውድ ዋጋ ከፍሎ ያገኘው መልስ አለ። ቤታ ካሮቲን የታወቀ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው እሱ ነው። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ በወጣው ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት ከሳንባ ካንሰር ይድናሉ ሲባል ካልወሰዱት ይልቅ 18 በመቶ በላቀ መጠን ታመሙበት። በአሜሪካ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ አንድ ላይ ሲሰጥበት የነበረው፣ 18,314 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ተመሳሳይ አደጋ ስለታየበት እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ካሮት አልተለወጠም፤ ካሮት መብላትም አልጎዳም። የተለወጠው መጠኑና መንገዱ ነው። ለጦስኝም ልዩነቱ ይኸው ነው፤ በሻይ መልክ የሚጠጣው ቅጠልና በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት አንድ አይደሉም። አንድ ማንኪያ ዘይት ከመቶ ብርጭቆ በላይ ሻይ የሚወጣውን ቅጠል ጨምቆ የያዘ ነው፤ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ጨርሶ የሚሞከር አይደለም። ታይሞል በራሱ እንደ ጠንካራ መድኃኒት ያገለገለበት ዘመን ነበር፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የመንጠቆ ትልን ከአንጀት ለማስወጣት በዘመቻ መልክ ይሰጥ ነበር። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሕዝብ «ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም» በሚል ቃል መታለል አልነበረበትም።

ታዲያ ጦስኝ ለምን ይጠቅማል? ባላገሩ ከጥንት ጀምሮ በዋናነት ለሚጠቀምበት ነገር፣ ለሳልና ለጉሮሮ። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ የአውሮፓውን ጦስኝ ከጉንፋን ጋር ለሚመጣ አክታ ላለው ሳል በባህላዊ መድኃኒትነት ይቀበለዋል፤ ይህን የሚያደርገው በረጅም ዘመን አጠቃቀም ላይ ተመሥርቶ ነው። በጀርመን 361 የብሮንካይትስ (የመተንፈሻ ቱቦ ቁጣ) ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናትም ታይምንና አይቪ የተባለ ሐረግን ያጣመረ ሽሮፕ ሳልን መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ በተሻለ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ የአይቪው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን መለየት አይቻልም። የሚገርመው ይህ ጥቅም ከላይ ከሠራነው ስሌት ጋር መስማማቱ ነው፤ ጦስኝ ጉበት ሳያስረው በፊት በቀጥታ የሚነካው ቦታ አፍን፣ ጉሮሮንና በእንፋሎቱ አማካይነት የመተንፈሻ ቱቦን ነው። የባላገሩ ዕውቀትና የኬሚስቱ ስሌት እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ማስታወቂያው ብቻ ነው ብቻውን የቀረው።

የደም ግፊቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በኢትዮጵያ የጦስኝ ዝርያዎች ላይ በላብራቶሪ አይጦች የተደረጉ ሙከራዎች ሽንትን የማብዛትና ግፊትን የመቀነስ ምልክት አሳይተዋል፤ ጥያቄው ሊጠና የሚገባው ነው። ነገር ግን ለአይጥ በኪሎ ክብደት ተሰልቶ የሚሰጠው መጠን ወደ ሰው ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ማንም በቀን ሊጠጣው ከሚችለው በላይ ይሆናል። አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የቅርብ ዘመዴ ለዓመታት የወሰዱትን የግፊት መድኃኒት ትተው በጦስኝ ተክተውት ነበር። «ልጄ፣ እንክብሉ ኬሚካል ነው፣ ይኼ ግን ቅጠል ነው» አሉኝ። ለሦስት ሳምንት ያህል ደህና ነበሩ፤ የደም ግፊት ሳያሳምም ስለሚሠራ ደህንነት መሰማቱ ምንም አይናገርም። በአራተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው የላይኛው ቁጥር 190ን አልፎ ነበር። ጦስኙ አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው በእሱ ምክንያት የተዉት ነው። ዛሬ ሁለቱንም ይወስዳሉ፤ ለሐኪማቸውም ስለ ጦስኙ ነግረዋል፤ ሽንት የሚያበዛ እንክብል ለሚወስድ ሰው ይህን መናገር ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የቁጥጥሩ ክፍተት ያለው እዚህ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብንም መድኃኒትንም በአንድ ማዕቀፍ ይገዛል። የጦስኝ ሻይ ግን ለሽያጭ ሲቀርብ ምግብ፣ ሲተዋወቅ መድኃኒት ነው። አንድ ምርት ግፊትንና ስኳርን ይፈውሳል ካለ እንደ መድኃኒት መጠየቅ አለበት፤ ምግብ ነኝ ካለ ደግሞ የበሽታ ስም ከእሽጉ ላይ ሊነሣ ይገባል። ከዚህ ቀደም ብሎ ግን በጣም ቀላል የሆነ ነገር ሊጻፍ ይችላል፦ የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደተሰበሰበ፣ መቼ እንደተቆረጠ። ይህ ለይስሙላ አይደለም። ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰበ ጦስኝ ሲመረመር የአንዱ ዘይት በካርቫክሮል፣ የሌላው በታይሞል የተሞላ ሆኖ ይገኛል፤ ተራራው፣ ወቅቱና የአበባው ጊዜ ይለውጡታል። ይህ ባልተጻፈበት እሽግ ላይ «ከፍተኛ አንቲኦክሲዳንት» የሚለው ጽሑፍ የየትኛው ጦስኝ እንደሆነ ራሱ አምራቹም አያውቅም።

ገበያው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል። ጦስኝ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከዱር ነው። ተክሉ ድንክ፣ ሥሩም ስስ አፈር ላይ የተዘረጋ በመሆኑ በችኮላ የሚሰበስብ እጅ ቅርንጫፉን ከመቁረጥ ይልቅ ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ ሲነቀል የያዘው አፈር አብሮ ይነሣና የሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ድንጋዩን አግጥጦ ይተወዋል። በማጭድ ከመሬት ጥቂት ጣት ያህል ከፍ ተደርጎ የታጨደ ጦስኝ ግን ያቆጠቁጣል። በእሽጉ ውስጥ የሥር ክር ወይም እንጨታም ግንድ ያገኘ ገዢ እንዴት እንደተሰበሰበ ሊያውቅ ይችላል፤ በሥሩ ውስጥ ደግሞ ዘይት የለም።